ዝም ብሎ መቀመጥ ለማይሆንላቸው፦ ኤዲኤችዲና ሜዲቴሽን ከአየር ጤና ሲታዩ

አዲስ አበባ አየር ጤና ላይ ታክሲ እየጠበቀ ስልኩን የሚያገላብጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ተራው ሳይደርስ ሁለት መልእክት ሊያገኝ ይችላል። የመጀመሪያው «የጀመርከውን አትጨርስም? ዕቃ ትጥላለህ? መጽሐፍ ከፍተህ ሐሳብህ ይበራል? እንግዲያው ኤዲኤችዲ አለብህ» ይለዋል። ሁለተኛው መፍትሔውን ይነግረዋል፤ ዓይንህን ጨፍን፣ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ፣ ትንፋሽህን አዳምጥ፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ። ልጁ ማታ ቤት ገብቶ ይሞክራል። በሁለተኛው ደቂቃ እግሩ መወዛወዝ ይጀምራል፤ በሦስተኛው የነገው ፈተና ትዝ ይለዋል፤ በአራተኛው ስልኩን አንስቷል። ሳምንት ሳይሞላው «ይህንንም አልቻልኩም» ብሎ ይተወዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ይህን የመጨረሻ ድምዳሜ ነው። ሜዲቴሽን ኤዲኤችዲ ላለባቸው ሰዎች የተወሰነ ጥቅም እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ይሁን እንጂ ጥቅሙ የታየው ልምምዱ ለእነሱ ተመጥኖ ሲቀርብ፣ በሠለጠነ ሰው ሲመራና ከሌላ እርዳታ ጎን ሲሰጥ ነው። በስልክ የሚደርሰን ደግሞ ሦስቱም የጎደሉት ነው። ምርመራም ሆነ መድኃኒት በቀላሉ በማይገኝበት አገር ድጋፍ ሊሆን የሚገባው ነገር ብቸኛ መፍትሔ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። ያ ሲከሽፍ ጥፋቱ የሚለጠፈው በልጁ ላይ ነው።

ትኩረት የለም ማለት አይደለም

ኤዲኤችዲ በአማርኛ ብዙ ጊዜ የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ መቅበጥበጥ ተብሎ ይገለጻል። ማኅበራዊ ሚዲያ የፈጠረው ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ውስጥ ባቀረባቸው ተከታታይ ንግግሮች፣ የማሰብ ችሎታቸው ደህና ሆኖ ሳለ ራሳቸውን መግታት የሚያቅታቸውን ልጆች ገልጾ ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 ባወጣው መመሪያ የትኩረትን ችግር የሕመሙ መጠሪያ አደረገው፤ የዛሬውን ስም ያገኘው ደግሞ በ1987 ነው። በ2013 የወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች የሚሆን መለኪያ ጨመረ፤ ምልክቶቹም ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ መሆን እንዳለባቸው ደነገገ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዓለም ደረጃ ከሕፃናት 5 በመቶ ያህሉ፣ ከአዋቂዎች ደግሞ 2.5 በመቶ ገደማ ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገመታል። በአገራችን በጉጂ ዞን ግርጃ ወረዳ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 17 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2019 የታተመ ጥናት 7.3 በመቶ አግኝቷል። ዝቅተኛውን ግምት ብንወስድ እንኳ 50 ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች አሉ ማለት ነው። በመንታዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በሰውና በሰው መካከል ከሚታየው ልዩነት ሦስት አራተኛ ያህሉ ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ «አስተዳደግ ነው» የሚለው ፍርድ ብዙ ርቀት አይወስድም።

ወላጆችን ግራ የሚያጋባቸው ሌላ ነገር ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዓይኑን ከስክሪን የማይነቅል ልጅ የቤት ሥራው ላይ አሥር ደቂቃ መቆየት ያቅተዋል። «ሲፈልግማ ይችላል፤ ስንፍና ነው» የሚለው አስተያየት የሚመጣው ከዚህ ነው። አስተያየቱ የቆመው ግን ትኩረት አንድ ወጥ ነገር ነው በሚል ግምት ላይ ነው። ጨዋታው በየሰከንዱ አዲስ ነገርና ፈጣን ሽልማት ይሰጣል። የቤት ሥራው ሽልማት ሰኔ ላይ የሚመጣ የምስክር ወረቀት ነው። ኤዲኤችዲ ያለበት አእምሮ ለቅርቡና ለአዲሱ ይነቃል፤ ለሩቁና ለተደጋጋሚው ግን ራሱን በራሱ ማንቀሳቀስ ይቸግረዋል። ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካል አሠራር በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው። የተጎዳው ትኩረትን ወደፈለጉበት የማዞር፣ እዚያው የማቆየትና በጊዜው የማንሳት ችሎታ ነው።

ተመራማሪዎች የሚያነሱት ሌላም አሠራር አለ። ሰው ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ፣ ትናንትን ሲያስብና ነገን ሲያልም የሚነቃ የአንጎል መረብ አለ፤ ሥራ ሲጀመር ይህ መረብ ጋብ ማለት ነበረበት። ሶኑጋ ባርክና ካስቴላኖስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 ባቀረቡት መላምት መሠረት፣ ኤዲኤችዲ ባለባቸው ሰዎች ይህ መረብ በሥራ መሐል እየደጋገመ ጣልቃ ይገባል። መምህሩ ሲያስረዱ ሰምቶ፣ ግማሹን ዓረፍተ ነገር ግን «የት እንደነበረ» የማያውቅ ተማሪ ሁኔታ በዚህ በኩል ሲታይ ትርጉም ያገኛል።

ወንዶቹ ልጆች ረባሽና ቅብጥብጥ ተብለው ቶሎ ይታወቃሉ። ብዙ ልጃገረዶች ግን የሚቸገሩት በውስጣቸው በሚበር ሐሳብ ስለሆነ ፈዛዛ ተብለው በመጨረሻው ወንበር ይረሳሉ። በተቃራኒው ደግሞ ትኩረቱ የተበታተነ ሁሉ ኤዲኤችዲ የለበትም። የእንቅልፍ እጦት፣ ረሀብ፣ የደም ማነስ፣ የዓይንና የጆሮ ችግር፣ ድብርት፣ በጦርነትና በመፈናቀል የደረሰ ድንጋጤ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። በ2022 የታተመ የካናዳ ጥናት በቲክቶክ ላይ በብዛት ከታዩ 100 የኤዲኤችዲ ቪዲዮዎች መካከል 52ቱ አሳሳች ሆነው እንዳገኛቸው ገልጿል። ተማሪያችን ታክሲ ሲጠብቅ ያየው ቪዲዮ ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ጸጥ ብሎ የመቀመጥ ዋጋ

ዛሬ በመተግበሪያዎችና በቪዲዮዎች የሚሰራጨው ዓይነት ሜዲቴሽን ዋና መነሻ ጆን ካባት ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የጀመረው የስምንት ሳምንት ሥልጠና ነው። ካባት ዚን ከቡድሂስት ልምምድ የወሰደውን ሃይማኖታዊ ይዘቱን አስቀርቶ ሥር የሰደደ ሕመምና ጭንቀት ላለባቸው ሕሙማን አቀረበው። ያኔ የታሰበው ለኤዲኤችዲ አልነበረም።

ልምምዱን ፈታ አድርገን ብናየው አራት ሥራዎች አሉት። ትኩረትን አንድ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ትንፋሽ ላይ፣ ማሳረፍ፤ ሐሳብ መሄዱ የማይቀር ነውና ሲሄድ መሄዱን ማወቅ፤ ራስን ሳይወቅሱ መተው፤ ወደ ትንፋሽ መመለስ። ብዙ ሰው ልምምዱ የመጀመሪያው ብቻ ይመስለዋል፤ ሐሳቡ ሲበር «አበላሸሁ» ይላል። ጥቅሙ ያለው ግን በሁለተኛውና በአራተኛው፣ መሄዱን በማወቅና በመመለስ ላይ ነው። ከዚህ አንጻር ሐሳቡ አሥር ጊዜ የሚበርበት ሰው አሥር ጊዜ የመመለስ ዕድል አለው።

ይህ አባባል እውነት ቢሆንም ግማሽ ብቻ ነው። ኤዲኤችዲ ላለበት ሰው የሚከብደው ራሱ «መሄዱን ማወቅ» ነው። ሐሳቡ እንደሄደ ለማወቅ፣ ምን ሊሠራ እንደተቀመጠ በልቡ መያዝ ይኖርበታል፤ ይህ አጭር ጊዜ የሚሠራ የማስታወስ ችሎታ በኤዲኤችዲ ከሚዳከሙት አንዱ ነው። ስለዚህ ሌላው ሰው በሠላሳ ሰከንድ የሚነቃበትን በረራ እሱ የሚነቃበት አራት ደቂቃ አልፎ፣ ያውም ከተቀመጠበት ተነስቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ዓይን መጨፈን ከውጭ የሚመጣውን ማንቂያ ሁሉ ይዘጋል። ጸጥታው የውስጡን ጫጫታ ያጎላዋል። አለመንቀሳቀሱ፣ ለብዙዎቹ ለመንቃት የሚረዳቸውን የሰውነት እንቅስቃሴ ይከለክላል። 20 ደቂቃ ደግሞ የጊዜ ስሜቱ ለተዛባበት ሰው መጨረሻው የማይታይ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መጀመር፣ ያውም ያለ አስታዋሽ ብቻውን፣ ከሁሉም በላይ የሚያቅተው ነገር ነው። አንድ ላይ ሲታይ የተለመደው ቅርጽ ሰውየው እንዲያዳብር የሚፈለገውን ችሎታ ገና ከጅምሩ እንዲኖረው ይጠይቃል።

ጥናቶቹ የሚሉትና የማይሉት

በዚህ ጉዳይ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው በሥነ አእምሮ ሐኪሟ ሊዲያ ዚሎውስካ መሪነት በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2008 የታተመው ጥናት ነው። ኤዲኤችዲ ያለባቸው 24 አዋቂዎችና 8 ታዳጊዎች ለስምንት ሳምንት ሠለጠኑ። የልምምዱ አቀራረብ ልብ ሊባል ይገባል፤ በ5 ደቂቃ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ 15 ደቂቃ አደገ፤ መቀመጥ ለማይሆንለት በእግር እየሄዱ የሚደረግ አማራጭ ነበረው፤ ስለ ኤዲኤችዲ ራሱ ትምህርት ተሰጠ። 78 በመቶው እስከ መጨረሻው ዘለቁ፤ አብዛኞቹም መሻሻል እንዳዩ ተናገሩ። ነገር ግን ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ያሳየው ልምምዱ ሊደረግ የሚችል መሆኑን እንጂ መፈወሱን አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የኔዘርላንድስ ጥናት ጠንከር ያለ ነው። 120 አዋቂዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ቡድን ከመደበኛ ሕክምናው ጋር ሜዲቴሽን ላይ የተመሠረተ ሥልጠና ሰጠው፤ ሌላውን በመደበኛ ሕክምናው ብቻ አቆየው። ከመጀመሪያው ቡድን 27 በመቶው ምልክታቸው ቢያንስ በ30 በመቶ ሲቀንስ፣ ከሁለተኛው ይህን ያህል የተሻላቸው 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ቁጥሩን በሌላ በኩል ካነበብነው ግን ከአሠልጣኝ ጋር ስምንት ሳምንት ከሠለጠኑት አራት ሰዎች ሦስቱ ያህል እዚያ ደረጃ አልደረሱም።

እኔ ለአገራችን ከሁሉም በላይ ይጠቅማል የምለው በ2018 የታተመውን የጀርመን ጥናት ነው። መድኃኒት የማይወስዱ 81 አዋቂዎች ተመርጠው ገሚሶቹ በቡድን ሜዲቴሽን ተለማመዱ፤ ገሚሶቹ ደግሞ በቡድን ስለ ችግሩ ምንነትና ስለ ዕለታዊ አያያዙ ተማሩ። ሁለቱም ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። አንዳንዶች ይህን የሜዲቴሽን ሽንፈት አድርገው ያነቡታል። እኔ የማነብበት መንገድ ሌላ ነው። ሁለቱም ቡድኖች የተጋሩት ነገር፣ ማለትም ችግሩን በስሙ ማወቅ፣ ራስን የሚመስል ሰው ማግኘት፣ በየሳምንቱ የሚጠብቅ ሰውና ቀጠሮ መኖሩ፣ ብዙውን ሥራ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ደግሞ እኛ በርካሽ ልናዘጋጀው የምንችለው ነው።

በልጆች ላይ ያለው ማስረጃ ከዚህ ይደክማል። ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ተቋም በ2010 ባወጣው ግምገማ ያገኛቸው አራት ጥናቶች በድምሩ 83 ሰዎችን ብቻ የያዙ ስለነበሩ ድምዳሜ ላይ መድረስ አልተቻለም። ከዚያ ወዲህ ሥራዎች በዝተዋል፤ ሆኖም ብዙዎቹ ልጁ ሥልጠና መውሰዱን የሚያውቁ ወላጆች በሞሉት መጠይቅ ላይ የቆሙ ናቸው። በዩናይትድ ኪንግደም ከ80 በላይ ትምህርት ቤቶችንና ከ8 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተና በ2022 ውጤቱ የታወቀ ትልቅ ሙከራ ደግሞ፣ ለሁሉም ተማሪ በጅምላ የተሰጠ የክፍል ውስጥ ሜዲቴሽን ከተለመደው ትምህርት የተሻለ የአእምሮ ጤና እንዳላመጣ አሳይቷል። ትምህርት ቤቶቻችን አንድ ቀን ይህን ለመጀመር ቢነሱ መጀመሪያ ማንበብ ያለባቸው ይህን ነው።

አየር ጤና ካለ ቤተሰብ በኩል ሲታይ

እስቲ ልጃቸው ችግር እንዳለበት የጠረጠሩ የአየር ጤና ወላጆችን መንገድ እንከተል። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ማረፊያ የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር ቢሮ ነው፤ «ወላጅ ይዘህ ና» የተባለ ልጅ እናቱን አስከትሎ ይቆማል። ቀጥሎ እንደየእምነቱ ጸበል ወይም ዱዓ አለ። የሕክምና ሐሳብ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሲመጣም ሰው አፍ ላይ ያለው ስም አማኑኤል ነው።

አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1938 የተመሠረተና ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የቆየ ነው። ከአየር ጤና በታክሲ የሚደረስበት ነው፤ ርቀቱ የሚሰማው በስሙ ላይ በተጣበቀው ፍርሃት ነው። «ልጄን አማኑኤል ወሰድኳት» ብላ ለጎረቤት የምትናገር እናት ጥቂት ናት። ባለሙያም እንደልብ አይገኝም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2003 ነው፤ ያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ አድጓል። በልጆችና በወጣቶች አእምሮ ጤና ላይ የሚሠሩት ግን ዛሬም ጥቂት ናቸው፤ ወረፋቸውን የሚይዙባቸውም የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነትና ከባድ ሕመም ያለባቸው ልጆች ናቸው። ክፍል ውስጥ የሚንቀዠቀዥ ልጅ ተራው ወደ ኋላ ነው።

መድኃኒቱም የራሱ ታሪክ አለው። በሰፊው የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት፣ በንግድ ስሙ ሪታሊን፣ በ1944 ስዊዘርላንድ ውስጥ የተቀመመ ነው። በሐኪም ክትትል ሲወሰድ በአጭር ጊዜ ውስጥ ምልክቶችን በመቀነስ ረገድ ሜዲቴሽን የማይደርስበት ማስረጃ አለው። ነገር ግን በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ከፍተኛ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች ተርታ ተመድቧል። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ የቀረበለትን ጥያቄ በ2019 እና በ2021 አልተቀበለም፤ የረጅም ጊዜ ጥቅሙና ጉዳቱ በበቂ ሁኔታ አልተመዘነም በሚል ነው። ያ ዝርዝር እንደ እኛ ያሉ አገሮች ውስን የውጭ ምንዛሪያቸውን በምን ላይ እንደሚያውሉ ሲወስኑ የሚመለከቱት ነው።

ክፍተቱን የሚሞላ ነገር አይጠፋም። አንዱ ጫት ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው፣ በ1975 ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር ተቀራራቢ ነው፤ አምፌታሚን ደግሞ በሌላው ዓለም ለአዋቂ ኤዲኤችዲ ይታዘዛል። ስለዚህ «ካልቃምኩ ማንበብ አልችልም» የሚል ተማሪ የሚናገረው ሁሉ ሰበብ ላይሆን ይችላል። ልዩነቱ መጠኑ የማይታወቅ፣ ክትትል የሌለው፣ እንቅልፍን የሚነሳና በማግስቱ ድብርት የሚጥል መሆኑ ነው። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ደግሞ ትኩረቱ ይበልጥ ይበተናል፤ ልጁም መልሶ ወደ ቅጠሉ ይሄዳል።

ሌላው ክፍተት ሞይ፣ ከክፍያ ነጻ በመሆኑና በመልካም ስሙ የተነሳ፣ ሜዲቴሽን ነው። ጉዳት የለውም ይባላል፤ በአብዛኛውም ልክ ነው። ሆኖም ከባድ ድንጋጤ ያሳለፉ ወይም ከእውነታ የመለየት ሕመም የነበራቸው ሰዎች ረጅም ጸጥታ ውስጥ ሲገቡ ሊብስባቸው ይችላል። ከዚህ የሚበልጠው ጉዳት ግን በቀጥታ አይታይም። መድኃኒት የጀመረ ሰው «ተፈጥሯዊውን መንገድ አገኘሁ» ብሎ ያቋርጣል፤ መመርመር የነበረበት ልጅ ሁለት ዓመት ያልፈዋል።

ኦቲዝም በአገራችን ከዚህ የተሻለ ዕድል አግኝቷል። ዘሚ የኑስ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፍታ፣ በ2021 እስክታርፍ ድረስ የራሷን ልጅ ታሪክ አደባባይ አውጥታ ስለተናገረች፣ ዛሬ ብዙ ወላጅ ቃሉን ያውቃል፤ ወዴት እንደሚሄድም ያውቃል። ኤዲኤችዲ እንዲህ ያለ ተሟጋች አላገኘም።

የሚንቀሳቀስ፣ ድምፅ ያለው፣ ከሰው ጋር የሚደረግ

የተለመደው ቅርጽ የማይሆን ከሆነ የሚሆነው ምን ይመስላል? ከጥናቶቹና ከችግሩ ተፈጥሮ ተነስተን መልሱን መገመት አይከብድም፤ አጭር፣ እንቅስቃሴ ያለው፣ ድምፅ ወይም የሚዳሰስ ነገር ያለው፣ ከሰው ጋር የሚደረግና መጀመሪያውን ሌላ ሰው ወይም ሌላ ነገር የሚያስታውሰው መሆን አለበት። ይህን ዝርዝር ይዞ አካባቢውን ለሚመለከት ኢትዮጵያዊ የሚታየው ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

ማኅሌት የቆመ ሰው ሌሊቱን በዝምታ አያሳልፍም። መቋሚያውን ይዞ በዝማሜ ይወዛወዛል፤ ጸናጽሉ በእጁ ነው፤ ከበሮው ሲገባ ፍጥነቱ ይለወጣል፤ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲሻገር ሰውነቱ አብሮ ይሻገራል። ዜማው ቢጠፋበት ከጎኑ ያለው ይመልሰዋል። በግል ጸሎትም ቢሆን 41 ጊዜ ኪርያላይሶን የሚል ሰው ቁጥሩን የሚይዝለት በጣቱ የሚያልፈው መቁጠሪያ ነው። ሶላት በቀን አምስት ጊዜ፣ በአጭር በአጭሩ፣ ከመቆም ወደ ሩኩዕ፣ ከሩኩዕ ወደ ሱጁድ እየተሸጋገረ ይሰገዳል፤ ሰዓቱን የሚያስታውሰው አዛኑ ነው። ከሶላት በኋላ 33 ጊዜ የሚደገመው ዚክርም የጣት ወይም የተስቢህ ቆጠራ አለው። ሐሳብ ሲሄድ የሚመልሰው ምልክት ከውጭ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል ማለት ነው። ኤዲኤችዲ ላለበት ሰው የጎደለውም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጸሎት ወደ ፈጣሪ የሚደረግ እንጂ የትኩረት ማሠልጠኛ አይደለም፤ ማኅሌት ወይም ዚክር ኤዲኤችዲን ይቀንሳል የሚል የተመዘነ ማስረጃም አላቀርብም። የምለው ቅርጹን ነው። «ሜዲቴሽን የባዕድ አምልኮ ነው» ብሎ የሚሰጋ ወላጅ ልጁን ከእምነቱ ሳያወጣ፣ ለምዶት ካደገው ሥርዓት ጋር የሚስማማ ልምምድ ሊያገኝ ይችላል። ድግግሞሽም የራሱ ድክመት አለው። የተለመደ ቃል ምላስ ላይ እየሮጠ ልብ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ አባቶችም ሼኾችም ይህን ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል። ለዚህ ነው መሄዱን የማወቁ ሥራ በየጥቂቱ መግባት ያለበት፤ መቁጠሪያው አሥር ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ «ልቤ የት ነበር?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው።

ከሃይማኖት ውጭ ለሚፈልገውም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። አንድ ወጣት በግቢው ውስጥ ዓይኑን ሳይጨፍን ይራመዳል። እግሩ መሬት ሲነካ እስከ አሥር ይቆጥራል፤ ሲጠፋበት ከአንድ ይጀምራል። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። መኪና በሚበዛበት የጅማ መንገድ ዳር ግን አይሞክረው። ሰዓቱን ፊት ከመታጠብ ወይም ከቁርስ ጋር ያያይዘው፤ «ሲመቸኝ» ያለው ነገር አይደረግም። ታናሽ ወንድም ወይም ጓደኛ አብሮት ቢሆን የመቀጠል ዕድሉ ይጨምራል። ስልኩን ደቂቃ መቁጠሪያ ካደረገ ክፍሉ ሌላ ጥግ ላይ ያስቀምጠው። ሦስት ቀን ቢረሳ አራተኛው ቀን መጀመሪያ ነው፤ የተቋረጠውን መቁጠር ኤዲኤችዲ ያለበትን ሰው ከምንም በላይ የሚያስተወው ነገር ነው።

ወዴት ያመራል?

በሚቀጥሉት ዓመታት ሊሆን የሚችለውን ሳስብ በጣም ቅርብ ሆኖ የሚታየኝ ቁጥጥር የሌለበት ገበያ ነው። ስለ ትኩረት የሚያወሩ ቪዲዮዎች፣ በክፍያ የሚሰጡ የኦንላይን ሥልጠናዎች፣ ራሱን አሠልጣኝ ብሎ የሚሾም ሰው ይበዛሉ። ፍላጎቱ አለ፤ የሚያጣራ የለም። በዚህ መንገድ ጥቂቶች ይጠቀማሉ፤ የሚበዙት ሞክረው ይተዋሉ።

ሁለተኛው ዕድል ክሊኒኮችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ልምምዱን አስተካክለው ከምክርና ከመድኃኒት ጎን መስጠታቸው ነው። የሚመረጠው ይህ ነው፤ ነገር ግን ስምንት ሳምንት የሚከፍል ደንበኛ ይፈልጋል፤ አየር ጤና ላይ ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ አቅሙ አይፈቅድለትም። ስለዚህ ብቻውን ከቀረ የጥቂቶች አገልግሎት ሆኖ ይቀራል።

እኔ ተስፋ የማደርገው በሦስተኛው ላይ ነው፤ በጀርመኑ ጥናት እንደታየው ማስተማርን የሚያስቀድም የቡድን ሥራ። የዓለም ጤና ድርጅት ሐኪም ለማይበዛባቸው አገሮች ያዘጋጀው መመሪያም ለልጆች የሚያስቀድመው የወላጆችን ሥልጠና ነው፤ መድኃኒቱን 6 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ያውም በስፔሻሊስት ምክር ይፈቅዳል። ድርጅቱ የእድገት ችግር ላለባቸው ልጆች ተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷም ኢትዮጵያ ናት። በአንድ ጤና ጣቢያ የሠለጠነች የአእምሮ ጤና ነርስ አሥር ወላጆችን በየሁለት ሳምንቱ ብትሰበስብ፣ ስለ ችግሩ ብታስተምርና የሁለት ደቂቃውን ልምምድ ብታሳይ፣ ከአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ አቅም በላይ አይሆንም። እንደ አየር ጤና ሁለተኛ ደረጃ ባሉ ትምህርት ቤቶችም የሚያስፈልገው ለሁሉም ተማሪ የሚታወጅ የዝምታ ሰዓት አይደለም፤ ልጁን ወደፊት ወንበር የሚያመጣ፣ ሥራውን ቆራርጦ የሚሰጥ፣ ጥቁር ሰሌዳ እንዲያጠፋ ልኮ እንዲንቀሳቀስ የሚፈቅድለት መምህር ነው። ገንዘቡና ጊዜው ውስን ከሆነ እኔ ከሜዲቴሽን በፊት የማስቀድመው የመምህራኑን ሥልጠና ነው።

ይህን የሚያነብ ወላጅ የልጁ ችግር ከ12 ዓመቱ በፊት የጀመረና ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታይ ከሆነ መጀመሪያ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ ደሙንና እንቅልፉን ያስመርምር፤ ከዚያ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ያማክር፤ አማኑኤል መሄድም አያሳፍርም። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ያለ ሐኪሙ ምክር አያቋርጥ። ሜዲቴሽንን መሞከር የፈለገ በሁለት ደቂቃ፣ በእግሩ እየሄደና ከሰው ጋር ሆኖ ይጀምር። ለስምንት ሳምንት ሞክሮ ምንም ካላገኘበት ይተወው፤ ከሠለጠኑት ሰዎች የሚበዙትም ትልቅ ለውጥ አላዩበትም።